የተሰረቀው የማን ገንዘብ ነው? በአሜሪካ የካርድ ማጭበርበርና ሕጉ የሚሰጠው ጊዜ

በአሜሪካ ካርድ የያዘ ሰው የካርዱ ቁጥር አንድ ቀን ሌባ እጅ እንደሚገባ አስቀድሞ ቢያስብ አይከፋም። በ2013 መጨረሻ ታርጌት ከተባለው የመደብር ኩባንያ ብቻ የ40 ሚሊዮን ያህል ካርዶች መረጃ ተሰርቋል። ሌቦቹ የገቡት ለመደብሩ የማቀዝቀዣ ሥራ በሚሠራ አንድ ኮንትራክተር የይለፍ ቃል ነበር። በዚያ ሰሞን እዚያ ካርዱን የተጠቀመው ደንበኛ ያጠፋው ነገር የለም፤ ወተትና ዳይፐር ገዝቶ ነው የወጣው። እንግዲህ "ካርዴ እንዳይሰረቅ ምን ላድርግ?" የሚለው ጥያቄ የሚያስኬደው እስከ ግማሽ መንገድ ነው። ቀሪው ግማሽ ሲሰረቅ ገንዘቡ ከማን ኪስ ይወጣል የሚለው ነው፤ ይህን ደግሞ በአብዛኛው የሚወስነው ሌባው ከመምጣቱ በፊት በየትኛው ካርድ መክፈልን ልማድ እንዳደረጉ ነው።

ክሬዲትና ዴቢት በሕግ ፊት

ሁለቱም ካርዶች ሲያዩዋቸው አንድ ናቸው። ቪዛ ወይም ማስተርካርድ ይላሉ፣ 16 አሃዝ አላቸው፣ የሚሠሩትም በአንድ ማሽን ላይ ነው። በሕግ ፊት ግን ለየቅል ናቸው።

ክሬዲት ካርድ ላይ ሌባው የሚያወጣው የባንኩን ገንዘብ ነው። ትሩዝ ኢን ሌንዲንግ አክት የተባለው የፌዴራል ሕግ፣ ካርዱ ጠፍቶ ሌላ ሰው ቢጠቀምበት ባለካርዱን ከ50 ዶላር በላይ እንዲከፍል አያስገድድም። ካርዱ ኪስዎ ውስጥ እያለ ቁጥሩ ብቻ ከተሰረቀ ደግሞ ምንም አይከፍሉም። ቪዛና ማስተርካርድ በራሳቸው ደንብ ሃምሳዋንም ዶላር ስለሚያነሷት በተግባር ክሬዲት ካርዱ የተሰረቀበት ሰው የሚያጣው ጊዜውን ነው።

ዴቢት ካርድ የሚስበው ከቼኪንግ ሂሳብዎ ነው። እሱንም የ1978ቱ ኤሌክትሮኒክ ፈንድ ትራንስፈር አክት ይጠብቀዋል፤ ጥበቃው ግን በቀን የተቆረጠ ነው። ካርዱ መጥፋቱን ባወቁ በ2 የሥራ ቀናት ውስጥ ለባንኩ ካሳወቁ ኪሳራዎ ከ50 ዶላር አያልፍም። ሁለቱ ቀን ካለፈ እስከ 500 ዶላር ሊደርስ ይችላል። የማያውቁት ወጪ የታየበት ስቴትመንት ከተላከ 60 ቀን አልፎ እንኳ ዝም ካሉ፣ ከስልሳው ቀን በኋላ ሌባው ለሚያወጣው ገንዘብ ጣሪያ የለውም፤ ሂሳቡ ባዶ እስኪሆን ቢሄድ ባንኩ የመመለስ ግዴታ ላይኖርበት ይችላል። ካርዱ እጅዎ ላይ ሆኖ ቁጥሩ ብቻ ከተሰረቀ የሁለቱ ቀን ገደብ አይመለከትዎትም፤ የስልሳው ቀን ግን ይመለከትዎታል። ስቴትመንት ሳይከፍቱ ኢሜል ውስጥ ማጠራቀም ውድ ልማድ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

አንድ ነገር ግን ብዙ ሰው አያውቅም። ፒን ቁጥሩን ካርዱ ጀርባ ላይ ጽፎ የተሰረቀበት ሰው እንኳ በዚያ ቸልተኝነቱ ብቻ ከእነዚህ ገደቦች በላይ እንዲከፍል ባንኩ ሊያደርገው አይችልም። "ጥፋቱ የእርስዎ ነው" ተብሎ ስልክ የተዘጋበት ሰው ጉዳዩን በጽሑፍ ቢቀጥል መብቱ ነው።

ትልቁ ልዩነት ግን ከዶላሩ ገደብ ይልቅ ገንዘቡ እስኪመለስ በሚያልፈው ጊዜ ላይ ይታያል። ወሩ ሲገባ ከክሬዲት ካርድዎ ላይ 1,800 ዶላር ቢወጣ ስቴትመንቱ ላይ አንድ መስመር ይጨመራል፣ እርስዎም ያንን መጠን ምርመራው እስኪያልቅ አይከፍሉም። ያው 1,800 ዶላር ከቼኪንግ ቢወጣ የቤት ኪራይ ቼኩ ይመለሳል፣ አከራዩ የዘገየ ክፍያ ቅጣት ይጨምራል፣ የመኪና ኢንሹራንሱም ሳይከፈል ይቀራል። ባንኩ ለማጣራት 10 የሥራ ቀን አለው፤ ይኸውም ሁለት ሳምንት ነው። በዚያ ጊዜ ካልጨረሰ ገንዘቡን በጊዜያዊነት መልሶ ምርመራውን እስከ 45 ቀን ማራዘም ይችላል። ሱቅ ውስጥ በዴቢት ካርድ ለተፈጸመ ወይም ከአገር ውጭ ለተጀመረ ወጪ ደግሞ እስከ 90 ቀን። ሂሳቡ ከተከፈተ ገና 30 ቀን ካልሞላው 10ሩ ቀን 20 ይሆናል፤ አዲስ መጥቶ ባንክ የከፈተ ሰው በዚህ ይጎዳል።

ስለዚህ ለነዳጅ፣ ለሬስቶራንትና ለኢንተርኔት ግዢ ክሬዲት ካርድ፣ ለዴቢት ደግሞ የራስ ባንክ ኤቲኤም ብቻ። በእኛ ሰው ዘንድ "ክሬዲት ካርድ ዕዳ ነው" ብሎ ሁሉን በዴቢት መክፈል የተለመደ ነው። ስለ ወለዱ ከሆነ ስጋቱ እውነት አለው፤ ነገር ግን ስቴትመንቱ ላይ የተጻፈውን ሙሉ ባላንስ በየወሩ ከቀነ ገደቡ በፊት የሚከፍል ሰው በግዢ ላይ ወለድ አይከፍልም። የክሬዲት ታሪክ የሌለው ሰው 200 ወይም 300 ዶላር በመያዣነት አስቀምጦ ሴኪዩርድ ካርድ ሊያወጣ ይችላል። ይህም ካልተመቸ ሌላ ትንሽ ቼኪንግ ከፍቶ የሳምንት ወጪ ብቻ እዚያ ማስቀመጥና የዚያን ዴቢት ካርድ መያዝ ነው። ኪራይ የሚከፈልበት ሂሳብ ካርድ ከቤት ባይወጣ ጥሩ ነው።

የምግብ ድጋፍ የሚገባበት ኢቢቲ ካርድ ከሁሉም ደካማው ነው። በአብዛኛው ግዛት ቺፕ የለውም፣ የዴቢት ካርድ ሕጉም አይሸፍነውም። በስኪመር (ካርድ ማንበቢያ ላይ ተደብቆ መረጃ በሚቀዳ መሣሪያ) የተሰረቀ የስናፕ (የዚሁ የምግብ ድጋፍ) ገንዘብ በፌዴራል በጀት የሚተካበት ጊዜያዊ ሕግ ታኅሣሥ 20 ቀን 2024 ላይ አብቅቷል። ለዚህ ካርድ ያለው መፍትሔ የግዛቱ አፕ የሚፈቅድ ከሆነ ካርዱን ቆልፎ ማስቀመጥና ሱቅ በር ላይ መክፈት፣ ገንዘቡ ከሚገባበት ቀን በፊትም ፒኑን መቀየር ነው።

ቁጥሩ የሚወጣው በየት ነው?

የካርዱ ጀርባ ላይ ያለችው ጥቁር መስመር ሁልጊዜ የምትናገረው አንድ ነገር ነው፤ ቁጥሩን፣ ስሙን፣ የሚያበቃበትን ቀን። አንዴ ያነበባት መሣሪያ በሌላ ባዶ ካርድ ላይ ሊገለብጣት ይችላል። ቺፑ ግን ለእያንዳንዱ ግዢ ለዚያች ጊዜ ብቻ የሚያገለግል ኮድ ያመነጫል፤ ሌባው ቢቀዳውም ነገ አይሠራም። ካርዱን ወይም ስልኩን አስጠግቶ መክፈልም በዚሁ መንገድ ይሠራል። ስልክ ላይ የተጫነ ካርድ ደግሞ እውነተኛውን ቁጥር ጭራሽ ለሱቁ አያሳይም፤ ምትክ ቁጥር ነው የሚሰጠው። "ታፕ" የሚለው ምልክት ካለ በታፕ ይክፈሉ፣ ከሌለ ቺፑን ያስገቡ። መጎተት የመጨረሻው አማራጭ ነው።

ነዳጅ ማደያ ላይ ስኪመሩ ብዙ ጊዜ ከፓምፑ ሳጥን ውስጥ ነው የሚቀመጠው። ሌባው በቁልፍ ከፍቶ ከካርድ ማንበቢያው ሽቦ ጋር ያገናኘዋል፣ ከዚያ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ በብሉቱዝ መረጃውን ይወስዳል። ከውጭ ማየት አይቻልም። ሊያዩት የሚችሉት የሳጥኑ በር ላይ የተለጠፈውን ማኅተም ነው፤ ሲነቀል "ቮይድ" የሚል ጽሑፍ የሚያወጣ ፕላስቲክ ነው። ተቀድዶ ወይም ጽሑፉ ወጥቶ ካዩ ሌላ ፓምፕ ይሂዱ፣ ወይም ውስጥ ገብተው ይክፈሉ። ከመንገዱ ራቅ ያለውና ከገንዘብ ተቀባዩ ዓይን የተሰወረው ፓምፕ ለሌባው ይመቻል፤ ለእርስዎ ደግሞ ሱቁ ፊት ለፊት ያለው።

ኤቲኤም ላይና ሱቅ ውስጥ ሁለት ዓይነት ስኪመር አለ። አንዱ በማሽኑ ላይ የሚለበጥ ሽፋን ነው። የካርድ ማስገቢያውን ይዞ ጠንከር አድርጎ መነቅነቅ፣ የቁጥር መጫኛው ከወትሮው ወፍሮ ወይም ቁልፎቹ ደርቀው እንደሆነ ማየት፣ አጠገቡ ካለው ማሽን ጋር ማነጻጸር ይረዳል። ሱቅ ውስጥ የተለበጠ ማሽን ብዙ ጊዜ ቺፑን ጠልቆ አያስገባም፤ "አልሠራም፣ ጎትተው" የሚያሰኘው አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ሌላው ማስገቢያው ውስጥ የሚሰካ ስስ ብረት ነው፤ እሱን በመነቅነቅ አያገኙትም። ፒኑን የምታነሳው ትንሽ ካሜራ ግን ከላይ ወይም ከጎን ስለምትሆን ሌላውን እጅ ቁልፎቹ ላይ ጥላ አድርጎ መጫን የሌባውን ሥራ ግማሽ ያበላሻል። ፒን የሌለው ግልባጭ ከኤቲኤም ገንዘብ አያወጣም።

ካርዱ ከቤት ሳይወጣም ቁጥሩ ሊገኝ ይችላል። የካርድ ቁጥር እንዲያው በዘፈቀደ የተጻፈ አይደለም። የመጀመሪያዎቹ 6 ወይም 8 አሃዞች ባንኩንና የካርዱን ዓይነት ያመለክታሉ፣ የመጨረሻው አሃዝ ከፊተኞቹ በሂሳብ የሚወጣ ማረጋገጫ ነው። ስለዚህ ኮምፒውተር የቀሩትን እየቀያየረ በሺዎች የሚቆጠሩ ቁጥሮችን በኢንተርኔት ሱቅ ላይ ይሞክራል። የሠራው ቁጥር 1 ዶላር ወይም 99 ሳንቲም ይቆረጥበታል፣ በማግስቱ ወይም በሳምንቱ ትልቁ ግዢ ይከተላል። ትንሿን ቻርጅ "ምን ትሆናለች" ብሎ ማለፍ ትልቁን መጋበዝ ነው፤ ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እዚህ ላይ ነው። በባንኩ አፕ የማስታወቂያውን መጠን ወደ ዝቅተኛው ዶላር አውርዶ ለእያንዳንዱ ግዢ መልእክት እንዲመጣ ማድረግ 5 ደቂቃ አይፈጅም። ከሁሉም ጥንቃቄዎች አንዱን ብቻ ምረጡ ብባል የምመርጠው ይህንን ነው።

ካርድን ከሬዲዮ ሞገድ ይከላከላል ተብሎ ስለሚሸጠው ቦርሳ ብዙ ማለት አያስፈልግም። በመንገድ ላይ ጠጋ ብሎ የተነበበ ካርድ ያቺን የአንድ ጊዜ ኮድ እንጂ ጀርባው ላይ ያሉትን 3 አሃዞች አይሰጥም። ቦርሳው ካማረዎት ይግዙት።

አውሮፓ ያላችሁ አንባቢዎች በኢንተርኔት ስትገዙ ባንካችሁ በአፕ ወይም በኮድ እንድታረጋግጡ ይጠይቃል፤ የአውሮፓ ኅብረት ደንብ የሚያስገድደው ነው። አሜሪካ ውስጥ እንዲህ ያለ ግዴታ ስለሌለ ቁጥሩ፣ ቀኑና 3ቱ አሃዞች ብቻ ይበቃሉ። ሌባው ቺፑን መገልበጥ ሲያቅተው ወደ ኢንተርኔት የዞረው በዚህ ክፍተት ነው።

ስልኩ ሲደወል

ትልቁ ኪሳራ ዛሬ የሚመጣው ከማሽን ይልቅ ከስልክ ነው። አካሄዱ ይህን ይመስላል። ስልኩ ላይ የባንክዎ ስምና እውነተኛው ቁጥር ይታያል፤ የደዋይ ቁጥርን አስመስሎ ማሳየት ቀላል ነው። ደዋዩ በትህትና ስምዎን ይጠራል፣ የካርድዎን የመጨረሻ 4 አሃዞች ይነግርዎታል። "አሁን ማያሚ ላይ 1,240 ዶላር ሊወጣ ሲል አስቁመነዋል፤ እርስዎ ነዎት?" ይላል። አይደለሁም ይላሉ። "እንግዲያው እንሰርዘው፣ ለማረጋገጥ በቴክስት የላክሁልዎትን 6 አሃዝ ያንብቡልኝ።" ቴክስቱም ይመጣል፣ ያውም ከእውነተኛው ባንክ።

መልእክቱ እውነተኛ የሆነው ሌባው በዚያች ደቂቃ የእርስዎን ካርድ በራሱ ስልክ ላይ ለመጫን ወይም የባንክዎን የይለፍ ቃል ለመቀየር እየሞከረ ስለሆነ ነው። ባንኩ ኮዱን የላከው ለእርስዎ፣ የሌባውን ጥያቄ እንዲፈቅዱ ነው። ሲያነቡለት ፈቀዱ። ቴክስቱን እስከ መጨረሻው ማንበብ የሚጠቅመው ለዚህ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ኮዱ ለምን እንደሆነ ይጽፋል፤ "ካርድዎን ወደ ዲጂታል ዋሌት ለመጨመር" ይልና ቀጥሎ "ለማንም አይስጡ" ይላል። ሰው የሚያነበው ቁጥሩን ብቻ ነው።

መልሱ አጭር ነው፦ "እኔ ራሴ እደውላለሁ" ብሎ መዝጋት፣ ካርዱ ጀርባ ላይ ወዳለው ቁጥር መደወል። በኢንተርኔት ፈልጎ ያገኙት ቁጥር አይሆንም፣ ከላይ የሚወጣው ማስታወቂያ የሌባው ሊሆን ይችላል። እውነተኛ የባንክ ሠራተኛ ስልኩን ስለዘጉበት አይቆጣም። "ከዘጋህ ገንዘቡ ይሄዳል" የሚል ሁሉ ሌባ ነው። አገር ቤት ከባንክ ነው የምደውለው እያሉ የሞባይል ባንኪንግ ኮድ የሚጠይቁትም የሚሠሩት በዚሁ ዘዴ ነው፤ ቤተሰብን ማስጠንቀቅ ተገቢ ነው።

እዚህ ላይ ሕጉ አንድ ስለታም መስመር ያሰምራል። ተታልለው ኮዱን ሰጥተው ሌባው ራሱ ገብቶ ገንዘቡን ካወጣ፣ ያልፈቀዱት ዝውውር ነው፤ የዴቢት ሕጉ ጥበቃ ይሸፍነዋል። ሌባው እያዘዘዎት እርስዎ በገዛ ጣትዎ በዜል (ከባንክ ሂሳብ ወደ ሌላ ሰው ሂሳብ ወዲያው ገንዘብ በሚያስተላልፈው አገልግሎት) ከላኩ ግን በአብዛኛው ጥበቃው አይደርስም፤ ላኪው እርስዎ ነዎት። ስለዚህ ለባንኩ ሲያስረዱ ማን እንደላከው በትክክል ይናገሩ። ግራ ተጋብቶ "እኔ ላክሁ" ያለ ሰው፣ የላከው ሌባው ሆኖ ሳለ፣ ጉዳዩ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይዘጋበታል።

ዘመድም በዚሁ ሕግ ይዳኛል። ዴቢት ካርድና ፒን ለአጎት ልጅ ሰጥቶ "ሃያ ዶላር አውጣልኝ" ያለ ሰው፣ ልጁ 400 ቢያወጣ ባንኩ አይመልስም። ካርዱን የሰጡት እርስዎ ስለሆኑ፣ ያ ሰው ከእንግዲህ አልተፈቀደለትም ብለው ለባንኩ እስኪያሳውቁ ድረስ የሚያወጣው ሁሉ እንደተፈቀደ ይቆጠራል።

ከሆነ በኋላ

መጀመሪያ በአፕ ካርዱን ይቆልፉ፤ ሰከንዶች ነው የሚወስደው። ቆልፎ መተው ግን አይበቃም፣ መቆለፍ ለባንኩ ማሳወቅ አይደለም። ቀጥለው ይደውሉ። እንግሊዝኛው ካልቀናዎት "አምሃሪክ ኢንተርፕረተር ፕሊስ" ይበሉ፤ ብዙ ባንኮች በስልክ አስተርጓሚ ያቀርባሉ። ልጅን ማስተርጎም እንደ አማራጭ አለ፣ ነገር ግን የገንዘብ ቀንና መጠን በትክክል መነገር አለበት።

የማያውቁት የሱቅ ስም ሲያዩ ከመደወልዎ በፊት አንድ ጊዜ ያጣሩ። ስቴትመንት ላይ የሚወጣው ስም የእናት ኩባንያው ወይም ክፍያውን የሚያስተናግደው ድርጅት ሊሆን ይችላል፤ ሰፈር ያለው ቡና ቤት በሌላ ስም የተመዘገበ እንደሆነ እንዲሁ። ባለቤትዎን ይጠይቁ፣ ልጆች ጌም የገዙ እንደሆነ ይዩ።

ከዚያ ወሳኙ ጥያቄ ይመጣል፤ ያልፈቀዱት ወጪ ነው ወይስ ከሻጩ ጋር ያለ ክርክር? ለ7 ቀን በነጻ ብሎ ካርድ የወሰደና በስምንተኛው ቀን 89 ዶላር የቆረጠ ድርጅት አጭበርብሮ ሊሆን ይችላል፣ ግን ካርዱን የሰጡት እርስዎ ነዎት። ይህንን "ካርዴ ተሰረቀ" ብለው ካስመዘገቡት ባንኩ ካርዱን ይዘጋል፣ ድርጅቱ የተመዘገቡበትን ኢሜልና አድራሻ ያቀርባል፣ እርስዎ ይሸነፋሉ። ትክክለኛው መንገድ መሰረዝዎን የሚያሳየውን ኢሜል ወይም የስክሪን ፎቶ ይዞ "ሰርዣለሁ፣ ከዚያ በኋላ ቆረጠ" ብሎ መከራከር ነው።

ስልኩ ላይ የተናገሩበትን ቀን፣ ሰዓት፣ የሠራተኛውን ስምና የጉዳይ ቁጥር ይጻፉ። ለክሬዲት ካርድ ግን ስልክ ብቻውን ሙሉ መብት አይሰጥም። የ1974ቱ ፌር ክሬዲት ቢሊንግ አክት የሚለው፣ ስህተቱ የታየበት የመጀመሪያው ስቴትመንት ከተላከ በ60 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ይድረስ ነው። ደብዳቤው የሚላከው ክፍያ ወደሚላክበት አድራሻ ሳይሆን ስቴትመንቱ ላይ "ቢሊንግ ኢንኳየሪስ" ተብሎ ወደተለየው ነው። ሁለቱ አድራሻዎች ብዙ ጊዜ በተለያየ ከተማ ናቸው፣ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ነው። ስም፣ የሂሳብ ቁጥር፣ መጠን፣ ቀንና ምክንያት ይበቃዋል፤ አንድ ገጽ። በሰርቲፋይድ ሜል፣ ተቀባዩ በፈረመበት ደረሰኝ ይላኩ። ባንኩ በ30 ቀን ውስጥ ደርሶኛል ማለት፣ ቢበዛ በ90 ቀን ደግሞ መጨረስ አለበት። እስከዚያ ድረስ የተከራከሩበትን መጠን አይከፍሉም፣ ባንኩም ባልተከፈለ ዕዳነት የሰዎችን የብድር ታሪክ ለሚመዘግበው ክሬዲት ቢሮ አያስተላልፈውም። የቀረውን ግን መክፈል ግድ ነው። አውቶፔይ ሙሉ ባላንስ ላይ የተደረገ ከሆነ የተከራከሩበትንም ጠርጎ ስለሚከፍል ለዚያ ወር ወደ እጅ ክፍያ ይቀይሩት።

በዴቢት ካርድ ጊዜያዊው ገንዘብ ተመልሶ "ጥያቄዎ ውድቅ ሆኗል" ተብሎ እንደገና ሲወሰድ ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ ይተወዋል። ባንኩ ውሳኔውን በጽሑፍ ማስረዳት፣ ሲጠየቅም የተመረኮዘባቸውን ሰነዶች ቅጂ መስጠት አለበት። ይጠይቁት። በሰነዱ ላይ ግዢው የተላከበት አድራሻ የእርስዎ እንዳልሆነ ከታየ ክርክሩ እንደገና ይከፈታል። ይህም ካልሆነ ሲኤፍፒቢ ለተባለው የፌዴራል መሥሪያ ቤት በድረ ገጹ አቤቱታ ማስገባት ነው፤ አቤቱታው ከቅርንጫፉ አልፎ የባንኩን የቅሬታ ክፍል ያገኛል።

በዚያው ቀን የኢሜልዎን የይለፍ ቃል ይቀይሩ፣ ከባንኩም በፊት። ኢሜሉን የያዘ ሌባ ሁሉን ማደስ ይችላል። ድንገት በመቶ የሚቆጠሩ የማያውቋቸው የጋዜጣ ምዝገባ ኢሜሎች ከጎረፉብዎ አንድ የግዢ ማረጋገጫ በመሃላቸው ተደብቋል ማለት ሊሆን ስለሚችል ፈልገው ያግኙት። ባንኩ አፕ ውስጥም ስልክ ቁጥሩ፣ አድራሻውና ተጨማሪ ተጠቃሚ የሚለው ቦታ እንዳልተነካ ይመልከቱ።

አዲስ ካርድ መጣ፣ ወጪው ግን ቀጠለ

ይህ ከሁሉ በላይ ሰው የሚያናድድ ነገር ነው፣ ምክንያቱም አለው። ቪዛና ማስተርካርድ በየወሩ ለሚቆርጡ ድርጅቶች አዲሱን የካርድ ቁጥር በራሱ የሚያሳውቅ አገልግሎት አላቸው፤ ኔትፍሊክሱና ጂሙ እንዳይቋረጥ የተሠራ ነው። ሌባው በተሰረቀው ቁጥር ወርኃዊ ምዝገባ ከፍቶ ከሆነ እሱም አብሮ ይታደሳል። ስልክ ላይ የተጫነ ካርድም እንዲሁ ወደ አዲሱ ቁጥር ሊሸጋገር ይችላል። ስለዚህ ሲደውሉ ሁለት ነገር በተለይ ይጠይቁ፦ በካርዴ ላይ የተጫኑ ዲጂታል ዋሌቶች ስንት ናቸው፣ ሁሉንም ሰርዙልኝ፤ አዲሱ ቁጥር ለነጋዴዎች በራሱ እንዳይተላለፍ አድርጉልኝ። ሠራተኛው ካልጠየቁት በራሱ ላያነሳው ይችላል።

በስምዎ ሌላ ካርድ ሲወጣ ጉዳዩ ሌላ ነው። እዚያ የተሰረቀው ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥርዎ ነው፤ በ2017 ኢኲፋክስ ከተባለው ክሬዲት ቢሮ ብቻ የ147 ሚሊዮን ያህል ሰው መረጃ ወጥቷል። መከላከያው የክሬዲት ፋይልን ማገድ፣ ፍሪዝ የሚባለው ነው። ከመስከረም 2018 ወዲህ በሕግ ነጻ ነው። ኢኲፋክስ፣ ኤክስፒሪያንና ትራንስዩኒየን ላይ ለየብቻ መደረግ አለበት፣ አንዱ ለሌላው አያስተላልፍም። መኪና ወይም ቤት ሊገዙ ሲሉ በኢንተርኔት ወይም በስልክ ጠይቀው በ1 ሰዓት ውስጥ ይነሳል። ቢሮዎቹ በድረ ገጻቸው "ሎክ" የሚል ሌላ አገልግሎት ፊት ለፊት ያስቀምጣሉ፤ የሚፈልጉት ግን ፍሪዝ ነው። ከ16 ዓመት በታች ላለ ልጅም ወላጅ በነጻ ማሳገድ ይችላል። ፍሪዝ አሁን የያዙትን ካርድ እንደማይጠብቅ ግን አይርሱ፤ አዲስ እንዳይከፈት ብቻ ነው። አንድ ሰው ቀድሞ ከፍቶ ከሆነ አይደንቲቲ ቴፍት ዶት ጎቭ ላይ ሪፖርት ይሙሉ፤ የሚያወጣልዎት ሰነድ ካርዱን ያወጣው ባንክ ሂሳቡን እንዲዘጋ ለመጠየቅ ያገለግላል።

ባለ ሱቅና ባለ ምግብ ቤት ከሆኑ

ባለካርዱ የማይከፍለውን አንድ ሰው መክፈሉ አይቀርም። ከጥቅምት 2015 ወዲህ፣ ቺፕ ያለው ካርድ ቺፕ በማያነብ ማሽን ላይ ተጎትቶ ግዢው የተሰረቀ ካርድ ሆኖ ከተገኘ ኪሳራው ወደ ነጋዴው ይዞራል። ለነዳጅ ፓምፖች ቀኑ ሚያዝያ 2021 ነበር። በስልክ ወይም በኢንተርኔት በተቀበሉት ካርድ ላይማ ኪሳራው አብዛኛውን ጊዜ የነጋዴው ነው።

ምግብ ቤቶችን በተለይ የሚያጠቃ አንድ ዘዴ አለ። ሰውየው በቴክስት ወይም በኢሜል ለ80 ሰው ምግብ ያዛል፣ ዋጋ አይከራከርም። ካርድ ቁጥሩን ይልካል፤ ከዚያ "ምግቡን የሚያመላልሰው ሰው ካርድ አይቀበልም፣ 1,500 ዶላር ጨምረህ ቁረጥና ለእሱ በዜል ላክለት፣ 100 ዶላር ለራስህ" ይላል። ካርዱ ያልፋል፣ ገንዘቡም ሂሳብ ውስጥ ይገባል። ከሳምንታት በኋላ እውነተኛው ባለካርድ ሲከራከር ሙሉው ገንዘብ ከምግብ ቤቱ ላይ ተመልሶ ይወሰዳል፣ በዜል የሄደው ደግሞ አይመለስም። ካርድ "አለፈ" ማለት ካርዱ አልተዘጋም፣ ገንዘብ አለበት ማለት ብቻ ነው፤ የያዘው ሰው ባለቤቱ ነው ማለት አይደለም። ለትልቅ ትዕዛዝ ቀብዱን ሰውየው ራሱ መጥቶ በቺፕ ይክፈል። ተመላሽ ገንዘብም ወደዚያው ወደተከፈለበት ካርድ እንጂ ወደ ሌላ አይሂድ።

አገር ቤት ሲሄዱ

አዲስ አበባ ላይ ካርድ ቢዘጋ አዲሱ የሚላከው ሜሪላንድ ወይም ቨርጂኒያ ወዳለው አድራሻ ነው። ስለዚህ ከተለያየ ባንክ ሁለት ካርድ ይዞ፣ አንዱን በቦርሳ ሌላውን በሻንጣ ማድረግ ይሻላል። የአሜሪካ ስልክዎ ሮሚንግ ከሌለው የባንኩ ኮድ በቴክስት አይደርስም፤ ከመሄድዎ በፊት ማረጋገጫውን ወደ አፑ ይቀይሩት፣ ኩባንያዎ የሚፈቅድ ከሆነም ዋይፋይ ኮሊንግን ያብሩ። ካርዱ ጀርባ ላይ ያለው በ800 የሚጀምር ነጻ ስልክ ከውጭ አገር ብዙ ጊዜ አይሠራም። አጠገቡ "ከአሜሪካ ውጭ" ተብሎ የተጻፈውን ሌላውን ቁጥር ወረቀት ላይ ገልብጠው ከካርዱ ለይተው ያስቀምጡት፤ ቦርሳው ሲጠፋ ቁጥሩም አብሮ ይጠፋልና።